ከዘጌ ጫካ እስከ ላቲን ስም፦ አዲስ የዕፅዋትና የእንጉዳይ ዝርያ እንዴት ይገለጻል፣ እንዴትስ ይሰየማል

ስም ማውጣቱ ከሥራው ሁሉ አጭሩ ነው፤ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። ወራት የሚበላው ስሙ የሚያርፍበትን ናሙና በወጉ መሰብሰብ፣ ማድረቅ፣ መለካትና ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳልሰየመው ማረጋገጥ ነው። የላቲኑ ሰዋስው ቢሳሳት ሕጉ ራሱ ይታረም ይላል፤ ስሙ አይሞትም። ሳይቆፈር የቀረ ሥር፣ ቀኑ የማይለይ መለያ ወረቀት፣ በፌስታል ውስጥ የበሰበሰ እንጉዳይ ግን ማንም አያርመውም። ስለዚህ እዚህ አብዛኛውን ቦታ የያዘው መስኩ ነው።

ስያሜውን የሚገዛው ዓለም አቀፉ የአልጌ፣ የፈንገስና የዕፅዋት ስያሜ ሕግ ነው። የመጨረሻው እትም በ2024 ማድሪድ በተደረገው ጉባኤ የተሻሻለውና በ2025 የታተመው ነው (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ምክንያቱን መለያ ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ)። ሕጉ ከሰያሚው ዲግሪ አይጠይቅም። የጣና ዓሦች ግን በዚህ አይገዙም፤ እንስሳት የራሳቸው ሕግ አላቸው።

አዲስ ነው ከማለት በፊት

የባሕር ዳር ሰው በመስከረም «አደይ አበባ» ብሎ የሚቆርጠው ቢጫ አበባ ለዕፅዋት አጥኚ አንድ ዝርያ አይደለም። ቢደንስ ማክሮፕቴራም፣ ቢደንስ ፓኪሎማም፣ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የሀገሬው ስም ጥሩ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ በአንድ ስም ሥር ሦስት ዝርያ፣ በሦስት ስም ሥርም አንድ ዝርያ ሊኖር ይችላል።

መጀመሪያ የሚገለጠው የሁለቱ አገሮች ዕፅዋት መዝገብ የሆነው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ነው፤ ከ1989 እስከ 2009 በ8 ቅጽ ታትሟል፣ 6,000 ገደማ ዕፅዋትን ይዟል። ስርጭቱን የሚያስቀምጠው በድሮዎቹ ክፍላተ ሀገር ስለሆነ ዘጌና ባሕር ዳርን ጎጃም ሥር፣ ጎርጎራንና ፎገራን ጎንደር ሥር ፈልጉ። አንድ ተክል «ጎንደር» ተብሎ ተመዝግቦ «ጎጃም» ሥር ስለታጣ ብቻ አዲስ ዝርያ አይሆንም። ሐይቁን ተሻግሮ መገኘቱ የስርጭት ዜና ነው።

በፍሎራው መለያ ቁልፍ (ባሕርያትን ደረጃ በደረጃ እያስመረጠ ወደ ስም የሚመራ ዝርዝር ነው) ሄዳችሁ የትም ካልደረሳችሁ አሁንም አትቸኩሉ። ቁልፉ ሲከሽፍ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ ጉቶ ካቆጠቆጠ ቀንበጥ የተወሰደ ይሆናል፤ የብሳናና የዋንዛ ጉቶ የሚያወጣው ቅጠል ከዋናው ዛፍ ቅጠል እጥፍ ሊሆን ይችላል። ወይም ተክሉ ፍሎራው ካለቀ በኋላ የገባ መጤ ነው። ወይም ከድንበር ማዶ፣ ሱዳን ወይም ኬንያ የታወቀ ዝርያ ነው። ወይም ደግሞ ከ150 ዓመት በፊት ተሰይሞ ከሌላ ዝርያ ጋር አንድ ተደርጎ የተረሳ ስም አለው፤ ይህ የመጨረሻው በጣም አድካሚው ነው።

ለእሱ መድኃኒቱ የጥንቱን ዓይነተኛ ናሙና፣ ማለትም ስሙ የተመሠረተበትን ናሙና ማየት ነው። ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ጆርጅ ቪልሄልም ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ዕፅዋት በአውሮፓ ቤተ ናሙናዎች (የደረቁ ዕፅዋት በሚጠበቁባቸው ሄርባሪየሞች) ተበትነዋል፤ በ1937 ጣሊያኖች በጣና ዙሪያ የሰበሰቡት ፍሎረንስ ይገኛል። የብዙዎቹ ፎቶ በኢንተርኔት ይታያል፤ ጄስቶር ግሎባል ፕላንትስና ጂቢፍ የሚባሉትን የናሙና መረጃ ድረ ገጾች ፈልጉ። የበርሊኑ ቤተ ናሙና በማርች 1943 በቦምብ ሲቃጠል እጅግ ብዙ ዓይነተኛ ናሙና አብሮ ጠፍቷል። በሺምፐር ናሙናዎች ላይ የቆሙት ስሞች መሠረታቸው ያልጠፋው ሰውየው ከአንድ ተክል ብዙ ቅጂ ሰብስቦ ለብዙ ከተማ ስላሰራጨ ነው። ቅጂ አብዙ የምንለው ለዚህ ነው።

ልዩነት ሲባል ምን ያህል? እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ቢያንስ ሁለት ሦስት መለያዎች፣ ከአንድ ተክል ሳይሆን ከብዙ ተክል የታዩ፣ በተለይም በአበባ ወይም በፍሬ ላይ ያሉ። ቅጠሉ ሰፋ ማለቱ ብቻውን ወይም ፀጉር መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በቡና ጥላ ሥር ያደገው ቅጠል ፀሐይ ላይ ካደገው ሰፍቶና ሳስቶ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው።

ፈቃድ

በሐይቁ ዳር የተረፈው የቆየ ደን በአብዛኛው የገዳምና የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ነው። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ አዝዋ ማርያም ዙሪያ ቅርንጫፍ ከመቁረጣችሁ በፊት አበምኔቱን ወይም አስተዳዳሪውን «አባቴ፣ ለጥናት ነው፤ ይህን ያህል ቅርንጫፍ ብቻ» ብላችሁ አስፈቅዱ፤ መጠኑን በእጃችሁ አሳዩ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፤ ቡድናችሁን ስታዋቅሩ ይህን አስቡበት። ናሙና፣ ዲኤንኤ የሚወጣበት ደረቅ ቅጠልም ቢሆን፣ ከሀገር ሲወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. አለ፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ኦርኪድና እሬት ከሆነ የሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ወረቀት ይጨመርበታል። ሳይፈቀድ የወጣ ናሙና ላይ የተመሠረተን ጽሑፍ ጥሩ መጽሔት አይቀበልም።

ዕፅዋትን መሰብሰብ

አበባና ፍሬ የሌለውን አትሰብስቡ። ትንሽ ተክል ከሆነ ከነሥሩ ነቅላችሁ፣ አፈሩን አራግፋችሁ፣ ቁመቱ ከ40 ሳ.ሜ. ከበለጠ በኤን ወይም በቪ ፊደል ቅርጽ አጥፋችሁ ጋዜጣ ላይ ዘርጉ። ዛፍ ከሆነ 30 ሳ.ሜ. ያህል ቅርንጫፍ ይበቃል፤ ቅጠሉ እንዴት እንደተያያዘ እንዲታይ ግን ከቅርንጫፉ መጋጠሚያ ጀምሮ ይቆረጥ። ከአንድ ተክል 4 ወይም 5 ቅጂ ውሰዱ። በአካባቢው ያሉት ከ20 ተክል በታች ከሆኑ አንድ ቅጂና ፎቶ ይብቃችሁ።

በመጭመቂያው ውስጥ አንዱን ቅጠል ገልብጡት፤ የጀርባው ፀጉርና ደም ሥር ካልታየ በኋላ ገለጻ ስትጽፉ ትቸገራላችሁ። ሁለት ሦስት አበባ ከፍታችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ደግሞ በ70 በመቶ አልኮል ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ። አረቄ አይሆንም፤ ዳግሙም ቢሆን አልኮሉ አይደርስም፣ አበባው ይሟሟል። ወፍራም ፍሬ ለሁለት ይሰንጠቅ።

ጋዜጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በየቀኑ ይቀየራል። ሐምሌና ነሐሴ ባሕር ዳር ላይ በአየር ብቻ ማድረቅ ሻጋታ መጋበዝ ነው። የጣውላ ሳጥን ሠርታችሁ ከታች ሁለት ባለ 100 ዋት ክር ያለው አምፖል አስገቡ (ኤልኢዲ ስለማይሞቅ አይረዳም)፤ መጭመቂያውን ከአምፖሉ 30 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሙቀቱ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ይሁን። የከሰል ምድጃ ላይ መስቀል ፈጣን ይመስላል፣ ግን ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ጢስም ይገባዋል። መብራት ከጠፋ እሽጉን ፈትታችሁ ነፋስ ወደሚመላለስበት ቦታ አውጡ፤ ታሽጎ የሞቀ እርጥበት በአንድ ሌሊት ይሻግታል። ከደረቀ በኋላ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ይቀዝቅዝ፤ ነቀዝ የሚሞተው እንዲህ ነው።

ለዲኤንኤ ጤናማ ለጋ ቅጠል፣ የአውራ ጣት ጥፍር ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል፣ ቆራርጣችሁ በሻይ ከረጢት ወረቀት አድርጋችሁ ሲሊካ ጄል ውስጥ ቅበሩት፤ ሲሊካው ከቅጠሉ ክብደት 10 እጥፍ ይሁን። በጫማ ካርቶን የሚመጡት ትናንሽ ከረጢቶች አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት የጠገቡ ናቸው፤ ከረጢቱን ቀዳችሁ ፍሬውን በ110 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት አድርቁት። ቅጠሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ታጥፎ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ሲሊካውን ቀይሩ።

መለያ ወረቀቱ

መለያው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ የሀገሬው ስም ግን በእኛው ፊደልም ይቀመጥ፤ ቀ ይሁን ከ፣ ጸ ይሁን ሰ የሚለየው በዚያ ብቻ ነውና። የሚከተለው ለምሳሌ የተዘጋጀ ነው፦

ኢትዮጵያ፣ ጎጃም፤ የዘጌ ልሳነ ምድር፤ ከእግር መንገዱ በስተምዕራብ 50 ሜትር፤ 11.69 ሰሜን፣ 37.33 ምሥራቅ፤ ከፍታ 1,850 ሜ.፤ ከብርብራና ከእሸ ዛፎች ጥላ ሥር፣ የቡና ማሳ ውስጥ፤ ቁጥቋጦ፣ 1.5 ሜ.፤ ፔታሉ (የአበባው ቅጠል) ነጭ፣ ሲደርቅ የሚጠቁር፤ መዓዛው የሚሸት ጠዋት ብቻ፤ 15 ያህል ተክል ታይቷል፤ መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (20 ሴፕቴምበር 2024)፤ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር 212።

የዚህ ሁሉ ጭንቅ ያለው ቀኑ ላይ ነው። «10/1/2017» ብላችሁ ብትተዉት ለእናንተ መስከረም 10 ነው፤ ሎንዶን ላለው አንባቢ ጃንዋሪ 10 ቀን 2017 ነው፤ አሜሪካ ላለው ደግሞ ኦክቶበር 1። ሦስቱም ተክሉ መቼ እንደሚያብብ የተለያየ ታሪክ ይነግራሉ፣ ሁለቱ 7 ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ተሳስተዋል። ወሩን በስም ጻፉ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር አስቀምጡ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ አበባው «3 ሰዓት ላይ ይከፈታል» ብላችሁ ከጻፋችሁ የውጭ አገር አንባቢ ሌሊት ይመስለዋል።

የሰብሳቢ ቁጥር ከ1 ይጀምርና ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። በየዓመቱ ወይም በየፕሮጀክቱ እንደገና ከ1 መጀመር አንድ ቁጥር ያላቸው ሁለት ተክሎች ይፈጥራል፤ ከመካከላቸው አንዱ ዓይነተኛ ናሙና ከሆነ ችግሩ ከእናንተ በኋላም ይኖራል።

እንጉዳይ ሌላ ሥራ ነው

በጣና ዙሪያ ሰኔ ዝናቡ ሲገባ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ የጅብ ጥላ የማይወጣበት ሜዳ የለም፤ ከእነዚህም መካከል ስም የሌለው ብዙ ነው። በዓለም ላይ እስካሁን የተሰየሙት ፈንገሶች ከ150,000 ብዙም አይበልጡም፤ ግምቱ ግን በሚሊዮኖች ነው። ለጀማሪ ዕድሉ ከዕፅዋት ይልቅ እዚህ ሰፊ ነው፤ ድካሙም እንዲሁ፣ ምክንያቱም እንጉዳይ የሚጠብቃችሁ ሰዓታት ብቻ ነው።

አትቁረጡ፤ በቢላ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነመሠረቱ አውጡ። ከእግሩ ሥር ከረጢት ቢኖር የወገኑ (የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች ስብስብ) ትልቁ መለያ ያ ነው፤ ተቆርጦ ከቀረ ናሙናው ግማሽ ነው። ኩይሳ ላይ የሚወጣው፣ ምስጥ የሚያበቅለው ተርሚቶማይስስ ደግሞ ሥር የሚመስል ረጅም እግር ወደ ምስጡ ቤት ይሰዳል። መሬቱ ላይ የሚታየውን ብቻ ያነሣ ሰው ወገኑን ሳይቀር ሊስት ይችላል። ጥሩው ነገር ቆፋሪው ሥሩን እስከ መጨረሻው ሲከተል ምስጡ እንጉዳዩን የሚያበቅልበትን ማሳ ያገኘዋል፤ እሱንም ፎቶ አንሱት።

በፌስታል አትያዙ። ፌስታል ውስጥ እንጉዳይ ያልባል፣ ይሞቃል፣ ባሕር ዳር ሳትደርሱ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። እያንዳንዱን በወረቀት ወይም በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ ቅርጫት ውስጥ አስተኙ። ከመጠቅለላችሁ በፊት ግን ፎቶ ይነሣል፤ ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች፣ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ። ሲቆረጥ ቀለሙ ይቀየር እንደሆነ ሰዓት ይዛችሁ ጠብቁ፤ ሽታውን፣ የባርኔጣውን ልጥነት ወይም ድርቀት፣ ወተት መሰል ፈሳሽ መኖሩን እዚያው ጻፉ። ከደረቀ በኋላ ከእነዚህ አንዱም አይገኝም። «ቡናማ» አትበሉ፤ ቡናማ የማይባል እንጉዳይ ጥቂት ነው። የቀለም ሰንጠረዥ ከሌላችሁ የተቆላ ቡና፣ ያልተቆላ ቡና፣ የማር ቀለም እያላችሁ አነጻጽሩ፣ ፎቶውም ያግዛል።

ማታ ቤት ስትገቡ የአንዱን ባርኔጣ ከእግሩ ለዩና ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ከባርኔጣው ሥር ያሉትን ስስ ንጣፎች ወደታች አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በጽዋ ወይም በብርጭቆ ክደኑት። ጠዋት የስፖሩን፣ እንጉዳዩ የሚራባበትን ብናኝ፣ ቀለም ታገኛላችሁ። ይህ ትንሽ ሥራ ሕይወትም ያተርፋል፤ ሜዳ ላይ የሚበቅለውና የሚበላ የሚመስለው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይተስ መርዛማነቱን የሚያሳብቀው አረንጓዴ ስፖሩ ነው። የወረደውን ስፖር ከወረቀቱ ጋር አጥፋችሁ ከናሙናው ጋር አኑሩት። የተቀረውን ከ40 እስከ 45 ዲግሪ አድርቁ፤ ሲሰበር እንደ ደረቅ ቂጣ ቀጭ ይበል። ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከመግባቱ በፊት በደንብ ካልደረቀ በሳምንቱ ትል ይቀበለዋል።

ማይክሮስኮፕ ላይ ስፖር የሚለካው በዘይት በ1000 እጥፍ ነው። በመጀመሪያ በዓይን ሌንሱ ውስጥ ያለውን መለኪያ በስላይድ መለኪያ አስተካክሉ፤ ለእያንዳንዱ ሌንስ ለየብቻ። የ40ውን ሌንስ ቁጥር ለ100ው የተጠቀመ ሰው ልኩ በ2.5 እጥፍ ይዛባበታል፤ ውጤቱም «አዲስ ዝርያ» ይመስላል። ቢያንስ ከ2 እንጉዳይ 20፣ 20 ስፖር በጎን የተኙትን ብቻ ለኩ፤ ስፖሯ ከእንጉዳዩ ጋር የምትያያዝበትን ጫፍ አትቁጠሩ። ርዝመት፣ ስፋት፣ የሁለቱ ንጥጥርና የተለኩት ብዛት አብረው ይጻፋሉ። ስፖሩ በአዮዲን ወደ ሰማያዊ መጥቆሩን ወይም ወደ ቀይ ቡናማ መቅላቱን ለማየት የሜልዘር መፍትሔ ይፈለጋል፤ በውስጡ ክሎራል ሃይድሬት ስላለ በቀላሉ አይገኝም። የሰማያዊውን ለማየት በየጤና ላቦራቶሪው ያለው የሉጎል አዮዲን ይበቃል። አስቀድማችሁ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያራሳችሁት ከሆነ ግን አጥባችሁ አዮዲኑን ጨምሩ፤ አለዚያ ቀለሙን ያጠፋዋል።

የፈንገስ መታወቂያ ተደርጎ የተወሰደው የዲኤንኤ ክፍል አይቲኤስ ይባላል። ናሙናው የሩዝ ፍሬ ያህል ከባርኔጣው ሥጋ ውስጥ ይወሰድ፤ ከላይኛው ቆዳ ከወሰዳችሁ የሚመጣው ውጤት የሻጋታ ይሆናል። ውጤቱን ጂንባንክ በሚባለው የዲኤንኤ መዝገብ ላይ ስታነጻጽሩ መጀመሪያ የወጣውን ስም አትመኑ፤ በስህተት ስም የገባ ብዙ አለ፣ የአፍሪካ እንጉዳይም ገና በበቂ አልተመዘገበም። «97 በመቶ ከተመሳሰለ አንድ ዝርያ ነው» የሚባለው መስፈርትም ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

ገለጻና መለያ አንቀጽ

ገለጻው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፦ አጠቃላይ ቁመና፣ ግንድ፣ ቅጠል፣ የአበባ አደራደር፣ አበባ፣ ፍሬ፣ ዘር። «ቅጠሉ ትልቅ፣ አበባው የሚያምር ቢጫ» ማለት ምንም አለማለት ነው። «ቅጠል በጥንድ የተያያዘ፣ ሞላላ፣ (4.5–)6–9(–11) × 2–3.5 ሳ.ሜ.፣ ጫፉ ሹል፣ ጀርባው ደም ሥሩ ላይ ብቻ ፀጉራም» ማለት ነው ገለጻ። በቅንፍ ያሉት ብርቅ የሆኑት ጫፎች ናቸው። ልኩ ከደረቀ ይሁን ከርጥብ ይነገር፤ ፔታል ሲደርቅ ይኮማተራል።

መለያ አንቀጹ፣ ማለትም ዲያግኖሲሱ፣ ከገለጻው ይለያል፤ አጭር ነው፣ ሥራውም አንድ ነው፦ ይህ ዝርያ ከቅርብ ዘመዱ በምን እንደሚለይ መናገር። «ከእገሌ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን ቅጠሉ በጥንድ ነው (የዚያኛው ተለዋዋጭ ነው)፣ ፍሬው 3 ክፍል ነው (የዚያኛው 5 ነው)» ብሎ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የምታነጻጽሩት ከሩቅ ዘመድ ከሆነ አንባቢ ቅርቡን አላዩትም ብሎ ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ከ2012 ጀምሮ ይህ በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ ይፈቀዳል፤ በአማርኛ ብቻ ቢጻፍ ስሙ አይጸናም። የአማርኛ ገለጻ ተጨማሪ ሆኖ እንዲታተም መጠየቅ ግን ይቻላል፣ ቢለመድም ደስ ይላል።

ስሙ

ስሙ ሁለት ቃል ነው፤ የወገኑና የዝርያው። ወገኑ በኋላ ሊቀየር ይችላል፤ የዝርያው ቃል ግን ይከተላል። እምቦጭ በ1823 ፖንቴዴሪያ ክራሲፐስ ተባለ፣ በ1883 ወደ ኤይክሆርኒያ ተዛወረ፣ አሁን ደግሞ ወደ ፖንቴዴሪያ ተመልሷል፤ ክራሲፐስ ሁልጊዜም አብሮት ነበር።

በቦታ መሰየም ጥሩ ነው፤ የወገን ስም በላቲን ሰዋስው ጾታ ስላለው ለወንድና ለሴት ወገን «-ኤንሲስ»፣ ለገለልተኛ ጾታ ወገን «-ኤንሰ» ይጨመራል። ጣናን ስታስቡ ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ኬንያም ታና የሚባል ትልቅ ወንዝ አላት፤ የላቲን ፊደል ጠን ከተ አይለይም፣ ስለዚህ አንባቢ ወደዚያ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ አጻጻፉ አንዴ ከታተመ ይጸናል፤ በ1997 የተሰየመው የጣና ዓሣ ላቤዮባርበስ ጻነንሲስ የተባለው «ጻና» ከሚለው የድሮ አጻጻፍ ነው። ባሕር ዳርን በላቲን የሚጽፉ ሰዎች ሦስት አራት ዓይነት አላቸው፤ አንዱን መርጣችሁ በጽሑፉ ሁሉ ያንኑ ተጠቀሙ። ዘጌ አጭርና የማያምታታ ስለሆነ እኛ ብንመርጥ እሱን ነው።

ጾታው ያታልላል። አጋሪከስና ተርሚቶማይስስ ወንድ፣ ክሎሮፊለም ገለልተኛ ነው። ፋይከስ ግን በ«-ኡስ» ቢያልቅም ሴት ነው፤ ዋርካ ፋይከስ ቫስታ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ቫስተስ አይባልም።

ሰው ሲከበርበት ደግሞ በተነባቢ ለሚያልቅ የወንድ ስም ሁለት «አይ»፣ ለሴት «አይ-ኤ-ኢ» ይጨመራል፤ ዮሐንስ ዮሐንሲኢ፣ አልማዝ አልማዚኤ ይሆናል። በ«ኤር» የሚያልቀውና እንደ ከበደ በአናባቢ የሚያልቀው የወንድ ስም አንድ «አይ» ይበቃዋል፤ አስቴር ብትሆን አስቴሬ ትሆናለች። በ«ኣ» የሚያልቅ ስም ግን ወንድም ሆነ ሴት በላቲኑ «ኢ» ፊደል ብቻ ይዘጋል፤ ደስታ የሚባል ሰው፣ አቶም ይሁን ወይዘሮ፣ ደስታኤ ይሆናል። አክባሪው ራሱን አያከብርም፤ ሕጉ ባይከለክልም ባልደረባ ይስቅበታል። ከ2026 መጀመሪያ ወዲህ የሚታተም ስም ሕዝብን የሚሰድብ ከሆነ ሊሻር ይችላል።

ስሙ በትርጉሙ ቢሳሳትም ይጸናል። ቡናችን በ1753 ኮፊያ አራቢካ ተብሏል፤ አገሩ አረቢያ ባይሆንም ማንም ሊቀይረው አይችልም። ስለዚህ «አበሲኒካ» ብላችሁ ከመሰየማችሁ በፊት ተክሉ ሱዳንም እንደሌለ አጣሩ። ስሙ ቀድሞ ተይዞ እንደሆነ ደግሞ ለዕፅዋት በአይፒኒ፣ ለፈንገስ በኢንዴክስ ፈንጎረምና በማይኮባንክ የስም መዝገቦች ፈትሹ። የተያዘው ስም ዛሬ የማይሠራበትም ቢሆን በዚያው ወገን ዳግመኛ አይወጣም።

የእኛ ሰው ደራሲ ሲሆን አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በራስ ስም ወይስ በአባት ስም? ቢደንስ ማክሮፕቴራን ወደዚህ ወገን ያዛወሩት ባለሙያ የሚጠቀሱት «መስፍን» ተብለው በራሳቸው ስም ነው። የትኛውም ይሁን፣ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምራችሁ አንዱን ያዙ።

ስሙ የሚጸናው መቼ ነው

አንድ ዓይነተኛ ናሙና፣ ሆሎታይፕ ተብሎ፣ የተቀመጠበት ቤተ ናሙና ተጠቅሶ ካልታተመ ስሙ የለም። ለእኛ ቅርቡ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ሆሎታይፑ ከአንድ ስብስብ ብቻ መሆን አለበት፤ አበባውን ከመስከረም፣ ፍሬውን ከጥር ናሙና ወስዶ ሁለቱን አንድ ላይ ሆሎታይፕ ማለት ስሙን ያፈርሰዋል። አበባ ያለውን ምረጡ፣ ፍሬውን ተጨማሪ ናሙና ብላችሁ ጥቀሱ። ለዕፅዋት ፎቶ፣ ለፈንገስም የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ብቻውን ሆሎታይፕ አይሆንም።

ለፈንገስ ከ2013 ጀምሮ የመዝገብ ቁጥር ግዴታ ነው፤ ከማይኮባንክ ወይም ከኢንዴክስ ፈንጎረም ወስዳችሁ በጽሑፉ ውስጥ ይታተማል። ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አውጡት፤ ቀድማችሁ ካወጣችሁና ገምጋሚው ስሙን ካስቀየራችሁ መዝገቡ ላይ የሙት ስም ይቀራል።

ኅትመቱ መጽሔት ይሁን፤ ፒዲኤፍ ከሆነ የአይኤስኤስኤን (የመጽሔት) ወይም የአይኤስቢኤን (የመጽሐፍ) መለያ ቁጥር ያለው። ፋይቶታክሳ፣ ፋይቶኪስ፣ ኪው ቡለቲን፣ ለፈንገስ ማይኮኪስ ይታወቃሉ፤ ፋይቶኪስና ማይኮኪስ ደራሲውን ስለሚያስከፍሉ ለሚያስፈልጋችሁ የክፍያ ቅናሽ ጽሑፉን ስትልኩ ጠይቁ። በማስተርስ ጽሑፋችሁ ውስጥ የሰየማችሁት ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደታተመ አይቆጠርም፤ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይማ ጭራሽ። የሚጎዳው ግን ይህ ነው፦ ፎቶና ስሙን ለወዳጅ ካሰራጫችሁ ሌላ ሰው ቀድሞ በመጽሔት ሊያሳትመው ይችላል፣ ሕጉም ከእሱ ጋር ይቆማል። «ለጊዜው እንዲህ ብለነዋል» የሚል አጻጻፍም ስሙን አያጸናም፤ ሰያሚው ራሱ ተቀብሎ መሰየም አለበት።

የመጥፋት አደጋ ደረጃም አብሮ ይታተማል። ጂኦካት በሚባለው የኢንተርኔት መሣሪያ ላይ የቦታ ነጥቦቹን ስታስገቡ ስርጭቱንና 2 በ2 ኪ.ሜ. በሆኑ ካሬዎች የያዘውን ስፋት ያሰላል። ዘጌ ላይ ብቻ ከተገኘ ስፋቱ ከ10 ካሬ ኪ.ሜ. በታች ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ግን ብቻውን «በእጅጉ ለአደጋ የተጋለጠ» አያሰኘውም፣ ጫካው እየቀነሰ መሆኑንም ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ሰው ለሽያጭ የሚነቅለው ኦርኪድ ከሆነ ትክክለኛውን ነጥብ ከኅትመቱ አውጡት፣ ቤተ ናሙናው ያኑረው።

ከታተመ በኋላ የሚቀረው የእጅ ሥራ ነው። በሆሎታይፑ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው የዓይነተኛ ናሙና ወረቀት ይለጠፋል፣ ስሙ፣ መጽሔቱ፣ ገጹና ዓመቱ ይጻፍበታል። ቅጂዎቹ ኢሶታይፕ ተብለው፣ ከፈቃዱ ጋር፣ ቢያንስ ወደ አንድ የውጭ ቤተ ናሙና ይላካሉ። የፈንገስ ከሆነ ወደ መዝገቡ ተመልሳችሁ የኅትመቱን ቅጽና ገጽ አስገቡ፤ ዲኤንኤው በጂንባንክ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ ተቀምጦ ከሆነ በአዲሱ ስም አስቀይሩት። ከጽሑፉም አንድ ቅጂ ጫካውን ላስፈቀዱት አባት ይድረሳቸው፤ የተክሉን ፎቶ ያለበትን ገጽ ከላይ አድርጉት።